አንድ፣ አራት፣ ሦስት፣ ሁለት

ሰላም፣ ሰላም፣ እንደምን ሰነበታችሁ። ዛሬ እንግዳ የለኝም፤ ብቻዬን ነኝ። ጠረጴዛዬ ላይ አንድ ወረቀት አለ። እሱን እያየሁ ነው የማወራችሁ።

ወረቀቱ ከቮልስ የጥገና መጽሐፍ የወጣ ነው። መሃሉ ላይ የሞተር ሥዕል አለ። አራቱ ሲሊንደሮች ሁለት ሁለት ሆነው ግራና ቀኝ ተኝተዋል። ከሥዕሉ በታች በእርሳስ፣ በአባዬ እጅ ጽሑፍ፣ «1-4-3-2» ይላል። ከጎኑ «ካንዴላ 0.7» ይላል፤ የካንዴላው ክፍተት ነው፣ በሚሊሜትር። ገጹ በሚገለበጥበት ጥግ ላይ ደግሞ የአውራ ጣት አሻራ አለ። ግራሶ ነው። የጣቱ መስመሮች ይቆጠራሉ። ወረቀቱን ወደ መስኮት ከፍ ሳደርገው ግራሶው የነካው ቦታ ብርሃን ያሳልፋል። አሻራው ይበራል።

አባዬ መካኒክ ነበር። ብዙ መኪና ይሠራ ነበር፤ ልቡ ግን ቮልስ ላይ ነው። «አንድ፣ አራት፣ ሦስት፣ ሁለት» ሲል ነው ያደግኩት። ካንዴላዎቹ እሳት የሚሰጡበት ተራ ነው። ገመዶቹን ነቅላችሁ መልሳችሁ ስትሰኩ ተራው ከተዛባ ሞተሩ ያስነጥሳል እንጂ አይነሳም። እኔም ትምህርት ቤት ስገባ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት ለማለት ቆም ብዬ ማሰብ ነበረብኝ።

ጋራዡ የተዘጋው እሱ ካረፈ በኋላ ነው። ቦታው ለሌላ ሥራ ተፈለገ። መፍቻው፣ ክሪኩ፣ የብየዳ ማሽኑ ሁሉም ገዢ አገኘ። ሁለት የቆርቆሮ ሳጥን ሙሉ ወረቀት ግን ቤታችን ገባ። የጥገና መጽሐፎች። በጀርመንኛ የተጻፈ የባለንብረት መመሪያ። የጎማ ነጋዴዎች ያደሉት የግድግዳ ካላንደር። ከውጭ መጽሔት የተቀደደ የመኪና ማስታወቂያ። የመለዋወጫ ደረሰኝ፣ የሊብሬ ኮፒ፣ ከመስታወት የተላጠ አሮጌ ቦሎ ሳይቀር። አባዬ ወረቀት አይጥልም ነበር።

አንድ ጠዋት በራችን ላይ «ቆራሌው!» ሲባል እማዬ ጠራችው። አልወቅሳትም። ቤቱ ጠባብ ነው፤ ሳጥኖቹ ደግሞ ኮሪደሩን ዘግተውታል። ልጁ ወረቀቱን ሚዛን ላይ መቆለል ጀመረ። ከዚያ የት እንደሚሄድ ሁላችንም እናውቃለን። ተጠቅልሎ የቆሎ መያዣ ይሆናል፤ ወይ በርበሬ ይቋጠርበታል። ሚዛኑ ላይ ያለው መጽሐፍ ንፋስ ገለጠውና ያ አሻራ ታየኝ። «እማዬ፣ ይቅር። እኔ እወስደዋለሁ» አልኩ። ልጁን የደከመበትን ሰጥተን ሸኘነው።

ሥራው እንግዲህ እንደዚህ ተጀመረ። ዛሬ የድሮ የመኪና ወረቀት በፍሬም እያደረግኩ እሸጣለሁ። ሰዎች «ከኢንተርኔት ያየሽው የፈረንጅ ፋሽን ነው?» ይሉኛል። አይደለም። አያቴ ቤት ያደረ ሰው ይገባዋል። የጭቃ ግድግዳው በሙሉ በጋዜጣ የተለበጠ ነበር። ዱቄት በውሃ ተበጥብጦ፣ እሳት ላይ ወፍሮ፣ በእሱ ነው የሚለጠፈው። አዲስ ዘመን ጋዜጣ አልጋዬ አጠገብ ነበር፤ አንዱ ገጽ ተገልብጦ ስለተለጠፈ አንገቴን አጣምሜ ነው ያነበብኩት። ፊደል የቆጠርኩት ከዚያ ግድግዳ ነው ብል ማጋነን አይሆንብኝም። ግድግዳን በወረቀት ማልበስ እኛ ቤት የኖረ ነገር ነው።

ሆኖም የአያቴን ዘዴ ለእነዚህ ወረቀቶች አልጠቀምም። የዱቄት ሙጫ በረሮና አይጥ ይጠራል። ደግሞ አንዴ ከተለጠፈ ሳይቀደድ ማንሳት ይከብዳል።

ስለ አያያዙ የምትጠይቁኝ ብዙ ናችሁና ትንሽ ልበል። የድሮ መጽሔትና ጋዜጣ ወረቀት ከእንጨት የተሠራ ነው። ውስጡ ብርሃን ሲያገኘው የሚወይብ ነገር አለ፤ በራሱም አሲድ ያመነጫል። ዋናው ጠላት ፀሐይ ናት። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ያለች ከተማ ናት። ፀሐይዋ ቀዝቀዝ ያለች ትመስላለች እንጂ ጨረሩ ከቆላው ይበረታል። ስለዚህ መስኮት ፊት ለፊት አትስቀሉት። ሁለተኛ፣ ፕላስተር አትለጥፉበት። ፕላስተሩ ከዓመታት በኋላ ይረግፋል፤ ቡናማ እድፉ ግን ይቀራል። ሦስተኛ፣ ፍሬም ሠሪዎቻችን ከኋላ ኮምፔርሳቶ ያደርጋሉ። ጠንካራ ነው፤ ግን እሱም እንጨት ስለሆነ አሲዱ ወደ ወረቀቱ ይሄዳል። መሃል ላይ አሲድ የሌለው ካርቶን ይግባ። ከፊት ደግሞ ዙሪያውን የሚከብ ወፍራም ካርቶን ይኑረው፤ መስታወቱ ወረቀቱን እንዳይነካ። ክረምት ላይ እርጥበት ሲገባ መስታወትና ወረቀት ይጣበቃሉ። እንደዚያ ሆኖ አንድ ቆንጆ ካላንደር አጥቻለሁ። ያሁኑ ሐምሌ ሦስት ዓመት ይሆነዋል፤ እስካሁን ይቆጨኛል።

ግራሶውን ግን አታጽዱት። እባካችሁ።

አሁን ወደሚከብደኝ ነገር ልምጣ።

በውጭ አገር ይህ ትልቅ ንግድ ነው። ቮልስ በ1959 እንደ ፈረንጆቹ፣ አሜሪካ ውስጥ ያወጣችውን ማስታወቂያ አይታችሁት ይሆናል። ገጹ አብዛኛው ባዶ ነጭ ነው፤ መኪናዋ ጥግ ላይ ኩርምት ብላ ትታያለች። መልእክቱ «ትንሽ አስቡ» ነው። ሁሉም ኩባንያ መኪናውን ገጽ ሙሉ አድርጎ በሚያሳይበት ዘመን ነው እንግዲህ። እንዲህ ያሉ ገጾች ዛሬ ከመጽሔቱ እየተቆረጡ በፍሬም ይሸጣሉ። እኔም አይቼ «ለካ ይቻላል» አልኩ። መቀስ አነሳሁ።

መጀመሪያ የቆረጥኩት ከአባዬ መጽሐፎች ሁለተኛውን ነው። ሙሉ መጽሐፍ ነበር። ሽፋኑ እንኳ አልተላቀቀም። ሥዕል ያለበትን ገጽ ሁሉ አወጣሁ። የካምቢዮው፣ ማለትም የማርሽ ሳጥኑ ሥዕል፣ ዘንጉ፣ ጥርሶቹ እያንዳንዳቸው ተበታትነው አየር ላይ የተንሳፈፉ የሚመስሉበት ገጽ፣ ወዲያው ተሸጠ። የፍሬኑም ተሸጠ። ካርቡራተሩን አንድ ካፌ ወሰደው። ደስ አለኝ፣ አልዋሻችሁም።

ከጥቂት ወራት በኋላ አንድ አዛውንት ደወሉልኝ። የአባዬ ደንበኛ ነበሩ። «ልጄ፣ ካምቢዮው እምቢ ብሎኛል። የሚሠራልኝ ልጅ አግኝቻለሁ፤ ግን አያውቀውም። አባትሽ መጽሐፍ ነበረው፤ እሱን ለሁለት ቀን ታውሺኛለሽ?» አሉ። ዝም አልኩ። ምን ልበላቸው? መጽሐፉ አለ፤ የፈለጉት ገጽ ግን የማላውቀው ሰው ሳሎን ውስጥ ተሰቅሏል። «ጋሼ፣ ይቅርታ፣ የለኝም» አልኳቸው። «አይ፣ አይዞሽ» አሉኝ። ያ አይዞሽ እስካሁን ጆሮዬ ውስጥ ነው።

የገባኝ ያኔ ነው። የመጨረሻዋ የድሮዋ ቮልስ ሜክሲኮ፣ ፑዌብላ ከሚገኘው ፋብሪካ የወጣችው በ2003 እ.ኤ.አ. ነው። ከ21 ሚሊዮን በላይ ከተመረተ በኋላ ማለት ነው። ለሌላው ዓለም እነዚህ ወረቀቶች ጌጥ ናቸው። መኪናዋ አንድም ሙዚየም ገብታለች፣ አንድም እሑድ እሑድ ለሰልፍ ትወጣለች። እኛ ሰፈር ግን ቮልስ ጠዋት ልጅ ትምህርት ቤት ታደርሳለች። ከሰዓት ደግሞ ሽንኩርት ጭና ከገበያ ትመለሳለች። መጽሐፉ ገና ሥራ ላይ ነው። እኔ በሥራ ላይ ያለ መፍቻ ነው አቅልጬ ጌጥ ያደረግኩት።

ከዚያ ወዲህ ሙሉ መጽሐፍ አልቆርጥም። ማንም ቢለምነኝ። በፍሬም የማደርገው የተበጣጠሰውን፣ አይጥ የበላውን፣ ክሩ ተፈትቶ ገጹ የጎደለውን ነው። ካላንደር እሸጣለሁ። ከመጽሔት ቀድሞ የተቀደደ ማስታወቂያ እሸጣለሁ። ኦሪጅናል ካልሆነ ከጀርባው «ኮፒ» ብዬ እጽፍበታለሁ፤ ገዢ ማወቅ አለበት። የኩባንያ አርማ ቲሸርት ላይ እያተሙ መሸጥ ደግሞ ሌላ ነገር ነው። አርማው የባለቤቱ ነው፤ እዚያ ውስጥ አልገባም።

ደረሰኝና የሊብሬ ኮፒም አልሸጥም። ዋጋ ስለሌላቸው አይደለም፤ እንዲያውም ብዙ ሰው ይጠይቀኛል፤ ማኅተሙ ያምራል። ግን የሰው ስምና የታርጋ ቁጥር አለባቸው። እነሱን ለየብቻ አስቀምጬ ባለቤቶቹን ወይ ልጆቻቸውን እፈልጋለሁ። አንዲት ሴት የአባቷን ደረሰኝ ስሰጣት ዋጋውን አላየችም። ፊርማውን ነው በጣቷ የተከተለችው።

ቤቴ የሚመጡ ትልልቅ ሰዎች ፍሬሞቹን ሲያዩ መጀመሪያ የሚያነሱት ሁሌም አንድ ነገር ነው፤ መስከረም 2 ቀን 1967፣ ጃንሆይ ከቤተ መንግሥት በቮልስ ተጭነው የወጡበት ጠዋት። አንዱ የት እንደነበረ ይናገራል፤ ሌላዋ ሬዲዮ እንዴት እንደሰማች። ወረቀቱ የቫልቭ ልክ ነው የሚያወራው፤ እነሱ ግን ሌላ ነገር ያነቡበታል። እኔ ቡና እያፈላሁ እሰማለሁ።

ለአዛውንቱ ምን እንዳደረግኩ ሳልነግራችሁ አልሄድም። የካምቢዮውን ገጽ የገዛችውን ልጅ ፈለግኳት። ስልኳ ስትከፍለኝ በመጣልኝ የባንክ መልእክት ላይ ነበር። ስነግራት ሳቀች፤ «ይምጡና ያንብቡት» አለች። ጋሼና ያ መካኒክ አብረው ሄዱ። ልጁ ፍሬሙን ከግድግዳ አላወረደውም። ሶፋው ላይ በካልሲው ወጥቶ፣ በስልኩ መብራት እያበራ፣ ጥርሶቹን በቅደም ተከተል ደብተሩ ላይ ገለበጠ። ጋሼ ከታች ቆመው «ቀጥል፣ ቀጥል» ይሉታል። እሷ ቪዲዮ ቀርጻ ላከችልኝ።

ይህ ጠረጴዛዬ ላይ ያለው ገጽ ግን አይሸጥም። ነገ ፍሬም ሠሪው ጋ እወስደዋለሁ። ከበሩ አጠገብ፣ ፀሐይ በማይደርስበት ግድግዳ፣ ለማንም በሚታይ ከፍታ ላይ ይሰቀላል። የካንዴላ ገመድ የተዛባበት ሰው ካለ ይምጣ፤ በሩን ያንኳኳ።