ቁልፉ ማን ኪስ ውስጥ ነው? የአድማጮች ጥያቄና መልስ

ዛሬ የፋብሪካ ማሽን ሲጸዳና ሲጠገን ስለሚደርስ ጉዳት የጠየቃችሁትን የደህንነት ባለሙያችን ይመልሳሉ።

ማሽን ሳጸዳ ቀለበቴን ላውልቅ? (ከደሴ)

አዎ እህቴ። ሐብሉንም፣ የሚንጠለጠል ሻሹንም።

ሮለር ላይ ጥጥ ሲጠመጠም እየዞረ በእጄ ነው የማነሳው። ካቆምኩት ምርት ይጓተታል። ስድስት ዓመት ምንም አልሆንኩም። (ከኮምቦልቻ)

ወንድሜ፣ አብሽር ብዬ አላልፍህም። ይህቺን «ምንም አልሆንኩም» ስንቴ ሰማኋት! ብዙ ጊዜ የምሰማት እጁ በፋሻ ከተጠቀለለ ሰው ነው። ሁለት ሮለሮች ተገናኝተው ወደ ውስጥ የሚስቡበት ቦታ መጀመሪያ ጓንቱን ይይዛል። ጣትህ ይከተላል። እጅህን ልመልስ ብትል አትቀድመውም።

አቁመው ስልህ ደግሞ ማጥፊያውን ተጭነህ ግባ ማለቴ አይደለም። አንተ ከሥር ተጎንብሰሃል፣ ሺፍት ይቀየራል፣ ባልደረባህ «ማን አጠፋው?» ብሎ ያስነሳዋል። በክፋት አይደለም፤ አላየህም። ስለዚህ የማሽኑን መብራት የሚያቋርጠውን ዋናውን ብሬከር አውርድ፣ ጓጉንቸር ስቀልበት፣ ቁልፉን ኪስህ ክተት። ሁለት ከሆናችሁ ሁለት ጓጉንቸር። የታመቀ አየር ካለው አስተንፍሰው። ጥጥ የሚያበጥረው የካርዲንግ ማሽን ትልቁ ሲሊንደር ከጠፋ በኋላም ለደቂቃዎች ይዞራል፤ ቀጥ እስኪል ጠብቅ። ከዚያ ማስነሻውን ሞክረው። ዝም ካለ ያኔ እጅህን ስደድ።

ቱታዬን በኮምፕረሰር አየር ባራግፈውስ?

አይሆንም። ዓይን ያጠፋል፣ በቁስል በኩልም ወደ ሰውነት ይገባል። ብሩሽ ምን አለህ?

የተቆረጠ ጣት በረዶ ውስጥ ይገባል?

በቀጥታ አይገባም። በንጹህ እርጥብ ጨርቅ ጠቅልሉት፣ ፌስታል ውስጥ አሽጉት፣ ፌስታሉን በረዶ ላይ አስቀምጡ። የሚደማውን እጅ በንጹህ ጨርቅ ጫን አድርጋችሁ ከፍ አድርጉት። ቡና አትነስንሱበት፣ እባካችሁ! ከዚያ በቀጥታ ሆስፒታል።

አሠሪዬ «ጥፋቱ ያንተ ነው» ብሎ ደመወዜን አቋረጠ።

በአዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት አሠሪው ባያጠፋም ለሥራ ላይ ጉዳት ተጠያቂ ነው። ለጊዜያዊ ጉዳት የመጀመሪያውን 3 ወር ሙሉ ደመወዝ፣ ቀጣዩን 3 ወር ከ75 በመቶ፣ ከዚያ ያለውን 6 ወር ከ50 በመቶ ሳያንስ ይከፈላል። ግን በግልጽ የተነገረን የደህንነት መመሪያ ጥሶ ወይም ሰክሮ የተጎዳ ይህን መብት ሊያጣ ይችላል። ጓጉንቸሩን የምጨቀጭቃችሁ ለዚህም ነው። እኔ ጠበቃ አይደለሁም። የሐኪም ወረቀትህን ይዘህ የሕግ ባለሙያ አማክር።

ባልደረባዬ ጓጉንቸሩን እንደሰቀለ ወደ ቤቱ ሄደ። ልስበረው?

አትስበረው። ቤቱ ባቲ ቢሆንም ደውልለት። ካልተገኘ ኃላፊው ይምጣ፣ ከማሽኑ ሥር ሰው እንደሌለ በዓይኑ ይይ፣ እሱ ያስከፍተው።