የአድማጮች ጥያቄና መልስ፦ አሀያው አቆጥቁጦ ለምን ደረቀ?

ከኮምቦልቻ የደወሉ አባት፦ «የቦርከና ወንዝ መሬቴን እየበላብኝ ነው። በግንቦት የአሀያ (ውሃ ዳር የሚበቅለው ዛፍ) ቅርንጫፍ ቆርጬ ዳር ዳሩን ተከልኩ። ቅጠል አወጣ፣ ከዚያ ሁሉም ደረቀ። መሬቱ አልተስማማው ይሆን?»

አባባ፣ መሬቱ ምንም አላጠፋም። ቅጠል አወጣ ማለት ሥር ሰደደ ማለት አይደለም። አሀያ መጀመሪያ የሚያቆጠቁጠው እንጨቱ ውስጥ ባለው ስንቅና ውሃ ነው፤ ሥሩ ሳይደርስለት ያ ካለቀ፣ ያወጣው ቅጠል ራሱ የቀረችውን ውሃ አትንኖ ይጨርስበታል። ውፍረቱን ስንጠይቅዎ «እንደ እርሳስ» አሉን። ነገሩ እሱ ላይ ነው። ቀጭን እንጨት ስንቁ ትንሽ ነው፣ ቶሎም ይደርቃል። ከአውራ ጣት አይነስ፤ ወንዝ ለሚገፋው ዳር እንደርስዎ ላለው ግን እኔ ከ3 እስከ 5 ሳንቲ ሜትር የሚወፍረውን ነው የምመርጠው።

ርዝመቱንም አይናቁት። በግንቦት ላዩ አፈር ደርቆ ይሰነጠቃል፣ ክንድ ያህል ሲቆፍሩ ግን እጅ ላይ ቀዝቀዝ ይላል። ችካሉ፣ ማለትም የሚተከለው ቁራጭ፣ እዚያ መድረስ አለበት። የ1 ሜትር ችካል ከሆነ 70 ሳንቲ ሜትሩ ይቀበር። ብዙ ሰው ረጅም ሆኖ ሲታይ ደስ ስለሚለው ግማሹን ከላይ ያስቀራል፤ እባካችሁ ተዉ፣ ከላይ የቀረው ሁሉ ውሃ ያስወጣል እንጂ አያስገባም።

ከሐይቅ አንዲት እህት፦ «ውሃ ከወደደ ረግረጉ ውስጥ ብንተክለውስ?»

እህቴ፣ ያደገ አሀያና ገና ሥር የሌለው ችካል አንድ አይደሉም። የቆመ ውሃ ውስጥ አየር ስለሚያንስ፣ አዲስ ሥር ከማውጣቱ በፊት ታችኛው ጫፍ ጠቁሮ ሊበሰብስ ይችላል። ከጉድጓዱ አፈር ዝገኚና ጨብጪው። እጅሽን ስትከፍቺ ሳይበተን ከቆየ፣ ውሃም ካልተንጠባጠበ፣ እዚያው ትከይ። ከተንጠባጠበ ትንሽ ወደ ዳገቱ ውጪ።

ከኩታበር፦ «ለቦረቦር መቼ ይሻላል?»

ክረምቱ ሲገባ፣ አፈሩ ወደ ታች ከራሰ በኋላ። በልግ ላይ አትመኑ፣ መሀል ላይ ይቋረጣል። (ወንዝ ዳር ከሆነ ግን ጎርፉ እንዳይነቅለው መስከረም ላይ ውሃው ሲጎድል ይሁን።) የቆረጣችሁትን ጥላ ሥር አኑሩት፣ ታችኛውን ጫፍ አንድ ሁለት ቀን ምንጭ ውስጥ ንከሩት። ቀዳዳውን አስቀድማችሁ በዲጂኖ ብሱ፤ በመዶሻ ብቻ ከመታችሁት ቅርፊቱ ይላጣል። እንቡጡ ወደ ላይ ይሁን፣ ዙሪያውን በደንብ ርገጡት። ከወር በኋላ ቅጠል ባታዩም አትንቀሉ። ቅርፊቱን በጥፍር ጫር አድርጉት፤ ውስጡ አረንጓዴ ከሆነ በሕይወት አለ።