ቀድሞ የሚነሳው ብር

ሰላም፦ እንኳን ደህና መጣችሁ። ዛሬ ኑሮን ቀለል አድርጎ ለሰው ስለ መትረፍ እናወራለን። ዳዊት፣ በክብር ዶክተር አበበች ጎበና እንጀምር።

ዳዊት፦ ነፍሳቸውን ይማር፤ 2013 ዓ.ም. ነው ያረፉት። በ1970ዎቹ መጀመሪያ ግሸን ማርያም ለመሳለም ወሎ ሲሄዱ አገሩን ረሀብ መቶታል። በእጃቸው የነበረው ዳቦና ጸበል ነው። አንድ ሕፃን የሞተች እናቱን ጡት ሲጠባ አዩ። ሁለት ልጆች ይዘው አዲስ አበባ ተመለሱ። ዓመት ሳይቆይ የልጆቹ ቁጥር 21 ደረሰ።

ሰላም፦ እኔን የሚገርመኝ ከዚያ ወዲያ ያለው ነው። ሥራ ነበራቸው፣ ትዳር ነበራቸው። ከባለቤታቸው ጋር መስማማት ሲያቅታቸው ልጆቹን ይዘው ጎጆ ገቡ። ምግብ እየሠሩ እየሸጡ አሳደጓቸው። ከትርፋቸው አልሰጡም እኮ!

ዳዊት፦ ያስፈራል ግን። ሁላችንም ቤታችንን ጥለን እንውጣ?

ሰላም፦ እንደሱ አልልም። ግን ደሞዝ ሲጨመር ወጪውም አብሮ ያድጋል። ስልኩ ይቀየራል፣ ሶፋው ይቀየራል፣ የልጅ ልደት አዳራሽ ይገባል። «ሲተርፈኝ እሰጣለሁ» ያለ ሰው መቼም አይተርፈውም። ደሞዝ የገባ ቀን መጀመሪያ የሌላው ድርሻ ይነሳ። በቀረው እንኑር።

ዳዊት፦ አሥራትም እንደዚያው ነው፤ ከገቢ 10 በመቶ። ዘካ ደግሞ ዓመት ከሞላው ሀብት 2.5 በመቶ። መጠኑ የታወቀ ነው፣ ለዕለቱ ስሜት አልተተወም።

ሰላም፦ ጾሙስ? ያልተበላው ምሳ ለተራበ እንዲደርስ ነበር። አሁን ጾም ሲገባ ወጪ የሚጨምርብን ብዙ ነን።

ዳዊት፦ አንድ ነገር ግን ላንሳ። ባልና ሚስት ካልተመካከሩበት ቤት ይጎዳል። አባት ውጭ ለጋስ እየተባለ ልጁ ደብተር ሲያጣ አይቻለሁ። ይሄ ልክ አይደለም።

ሰላም፦ በፍጹም። ልጆቹም ይስሙ። ልደቱ ቤት ውስጥ በድፎ ዳቦና በፈንዲሻ ይከበር። የአዳራሹ ብር ለማን እንደሚሄድ ባለ ልደቱ ይምረጥ። እጁን ይዛችሁ ሄዳችሁ ራሱ ይስጥ።

ዳዊት፦ የእኔዋ ሰኔ ላይ 7 ዓመት ይሞላታል። ዛሬ ማታ እጠይቃታለሁ።

ሰላም፦ እናትየዋንም አብረህ ጠይቅ። መልሳቸውን በሚቀጥለው ትነግረናለህ።