የዓሣ ተሸካሚው ልጅ መኮንን ሲሆን
(በትወና ሠልጣኞች ምረቃ ላይ የቀረበ ንግግር)

የተከበራችሁ መምህራን፣ ወላጆች፣ ፊት ወንበር ላይ የተቀመጣችሁ ፕሮዲውሰሮችና ዳይሬክተሮች፣ ከሁሉም በላይ ውድ ተመራቂዎች፤ እንኳን ለዚህ አበቃችሁ!

ስለ ሙያው ጥቂት እንድናገር ነው የተጋበዝኩት። እኔ ግን ስለ አንድ እንግሊዛዊ ተዋናይ ላወራ ነው፤ ስለ ማይክል ኬን። ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ያዙልኝ። በ1933 ለንደን ሲወለድ ስሙ ሞሪስ ሚክልዋይት ነበር። አባቱ ቢሊንግስጌት የዓሣ ገበያ ተሸካሚ ነበሩ፤ እናቱ ሰው ቤት ያጸዱ ነበር። ለውትድርና ሲጠራ ኮርያ ዘመተ፤ የእኛ ቃኘው የተዋጋበት ጦርነት ማለት ነው። ተመልሶ ተዋናይ ሆነና ለዓመታት ጥቃቅን ሚና ሲለቃቅም ኖረ።

ለምን? አነጋገሩ ነዋ! የሚያወራው ኮክኒ ነው፤ የለንደን ሠራተኛ ሰፈር አነጋገር። ያኔ እንግሊዝ ውስጥ ኮክኒ የሚናገር ተዋናይ ወይ ተላላኪ ነው፣ ወይ ሌባ ነው፣ ወይ ተራ ወታደር ነው። መኮንንነቱና ሐኪምነቱ ለጨዋ ልጆች ነው።

በ1964 የወጣ «ዙሉ» የሚባል፣ እንግሊዞች ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ከዙሉዎች ጋር ስላደረጉት ውጊያ የሚተርክ ፊልም አለ። (ፊልሙ ስለ ዙሉዎች በሚለው ነገር የራሴ ቅሬታ አለኝ፤ ለዛሬ ልለፈው።) ኬን ራሱ ደጋግሞ እንደሚያወራው፣ ለኦዲሽን የሄደው ለአንድ ኮክኒ ተራ ወታደር ሚና ነው። ቀጠሮው አንድ የለንደን ቲያትር ቤት ባር ውስጥ ነበር። ዳይሬክተሩ ሳይ ኤንድፊልድ ሚናው ለሌላ ሰው እንደተሰጠ ነገረው። ኬን ችግር የለም ብሎ ወደ በሩ አመራ። ደግነቱ ባሩ ረጅም ነው! በሩ ጋ ሳይደርስ ኤንድፊልድ መልሶ ጠራው። ቁመቱን አየ፣ ፊቱን አየ። የመኮንን አነጋገር ትችላለህ ወይ? አለው። እችላለሁ አለ። የካሜራ ሙከራ አደረጉለት። ኤንድፊልድ በዕድሜዬ እንዲህ ያለ መጥፎ ሙከራ አይቼ አላውቅም አለው። ግን ለቀረጻ ወደ ደቡብ አፍሪካ መሄጃው ደርሷል፣ ሌላ ሰው የሚፈለግበት ጊዜ የለም። የመኮንኑን የመቶ አለቃ ብሮምሄድን ሚና ሰጡት።

ልብ በሉልኝ፤ ኤንድፊልድ አሜሪካዊ ነው። እንግሊዛዊ ዳይሬክተር ቢሆን ኖሮ አንድ ኮክኒ መኮንን ይሆናል ብሎ አያስብም ነበር። ይህን የሚለው ኬን ራሱ ነው።

እስቲ ወደ ቤታችን እንምጣ። የገጠር ዘዬ ያለው ሰው ፊልማችን ላይ ብቅ ሲል ሥራው ምንድን ነው? ዘበኛ! ሴት ከሆነች? የቤት ሠራተኛ! ገና አፉን ሲከፍት ሲኒማ ቤቱ በሳቅ ይፈርሳል። ሐኪሙ፣ ዳኛው፣ አፍቃሪው ግን ሁሌ የአዲስ አበባ ልጅ ነው። ይቺ አገር ሐኪሞቿን በሙሉ ከቦሌ ነው እንዴ የምታመጣው? ከመካከላችን በጎጃም ወይም በወሎ ዘዬ «አይዞህ» ብሎ ያከመው ሐኪም የሌለ ሰው ማን ነው? ፊት ወንበር ያላችሁ፣ እናንተን ነው የምጠይቀው! ስክሪፕታችሁ ላይ «ባላገር» ብላችሁ ስትጽፉ ቀልድ የጻፋችሁ ይመስላችኋል። የጻፋችሁት የአባቶቻችሁን አነጋገር ነው!

ኬን በ1965 እና በ1966 በወጡ ሁለት ፊልሞች በገዛ አነጋገሩ መሪ ተዋናይ ሆኖ መጣ። በሁለተኛው ለኦስካር ታጨ። ከዚያ በኋላ ያለውን ታውቁታላችሁ። ሁለት ኦስካር ወሰደ፤ የመጀመሪያውን ሲሸለም የሻርክ ፊልም ቀረጻ ላይ ስለነበር መድረክ አልወጣም። ኬን ራሱ «ያንን ፊልም አላየሁትም፣ በገንዘቡ የተሠራውን ቤት ግን አይቼዋለሁ፣ ግሩም ነው» ይላል። በ2023፣ በ90 ዓመቱ ጡረታ ወጣሁ አለ።

ለተመራቂዎች አንድ ነገር ከእሱ ልዋስ። ክሎዝ አፕ ላይ፣ ማለትም ካሜራው ፊታችሁን ብቻ አቅርቦ ሲቀርጽ፣ ዓይናችሁን አታርገብግቡ። የምታናግሩትን ሰው ሁለት ዓይን ለማየትም አትንከራተቱ፤ ለካሜራው የሚቀርበውን አንዱን ዓይን ብቻ እዩ። ዛሬ ማታ መስታወት ፊት ሞክሩት።

አሁን ተመራቂዎቹ አጭር ትዕይንት ያቀርባሉ። ዳኛዋን የምትጫወተው ልጅ የደብረ ታቦር ልጅ ናት። ዘዬሽን ቀይሪ ያላት የለም። ስትናገር የሚስቅ ካለ በሩ በስተግራ ነው።

አመሰግናለሁ።