አንድ ዓይነት ወሽመላ ለሁላችንም አይሆንም

የተከበራችሁ አባቶች፣ እናቶች፣ እህቶችና ወንድሞች፣ እንኳን ለዓመታዊ ጉባኤያችን በሰላም አደረሳችሁ። ከእንጅባራና ከፍኖተ ሰላም ድረስ ለመጣችሁ፣ ከጠዋት ጀምሮ ቡና ላፈላችሁልን እናቶችም እግዚአብሔር ይስጥልን።

ዘንድሮ የችግኝ ጣቢያችን ታጥሯል። ወጣቶቻችን ቀንበጥን በሌላ ግንድ ላይ ማዳቀል ተምረዋል። የአቮካዶ ችግኝም ተከፋፍሏል። ኮርቼባችኋለሁ። ዝርዝሩን ጸሐፊያችን ያነባል።

እኔ ዓመቱን ሙሉ ወዳጨቃጨቀን ወደ ወሽመላው ልግባ። «ለሁሉም ታናካ የሚባለው ዓይነት ይምጣ» ያላችሁ ብዙ ናችሁ። የጃፓኑ ታናካ ፍሬው ትልቅ ነው፣ ውስጡ ብርቱካናማ ነው፣ ተለቅሞም ይቆያል። ግን ዘግይቶ ነው የሚደርሰው። ሻምፓኝ የሚባለው ውስጡ ነጭ የሆነው ዓይነት ደግሞ ውኃው ሙሉ ነው፣ ጣዕሙም ልዩ ነው፤ ሌላ ዓይነት ወሽመላ አጠገቡ ከሌለ ግን በደንብ አያፈራም። ጓሮው ከአንድ ዛፍ በላይ የማይችል ሰው ጎልድ ነጌት የሚባለውን ዓይነት ያስብ፤ ብቻውን ያፈራል።

ከዓይነቱ በፊት ግን ውርጩን እንይ። ወሽመላ የሚያብበው ብርዱ ሲገባ ነው። ዛፉ ከዜሮ በታች 10 ዲግሪ ገደማ ይችላል። አበባው ግን ከዜሮ በታች 3 ዲግሪ ላይ ይሞታል። ታዲያ ብርዳማው ጮቄ ተራራ ሥር ያለና ሞቃታማው ባህር ዳር ያለ ሰው እንዴት አንድ ዓይነት ይታዘዝላቸዋል? ደጋ ያላችሁ ውርጭ የሚተኛበትን ረባዳ ትታችሁ ከቤት ግድግዳ አጠገብ ትከሉ።

«ፍሬው አነሰ» የሚለው ቅሬታም ሁልጊዜ የዓይነቱ ጥፋት አይደለም። ዘለላው ገና ጥሬ ሳለ ከፊሉን ቀንሱለት፤ የቀረው ይወፍራል። የበላችሁትን ፍሬ ዘር መትከልም ይቅርብን። ከዘር የበቀለ እናቱን አይመስልም፣ ለማፍራትም ብዙ ጊዜ 6 ዓመትና ከዚያ በላይ ይፈልጋል። የተዳቀለው በ2 ወይም በ3 ዓመት ይጀምራል። ዘር የሚያስፈልገን ለማዳቀያው ግንድ ብቻ ነው፤ እሱም ሳይደርቅ ወዲያው ይተከል። ፀሐይ ላይ የሰነበተ ዘር እያመጣችሁልን መደቡ ባዶውን ቀርቷል።

ቀንበጥ ማስመጣት ደግሞ ገንዘብ ይጠይቃል። መዋጮውን ሁላችንም እጅ አውጥተን ነው ያጸደቅነው። የከፈለው ግን ከግማሽ በታች ነው። ይህ እንቅልፍ ነስቶኛል። ባለፈው ስብሰባ «ታናካ ካልሆነ እንወጣለን» ያላችሁ ወንድሞቼ ዛሬ የላችሁም። ቃሌ ይደርሳችኋል። ከእኛ ውስጥ እጃችሁ ለዛፍ የሚሆን እናንተ ናችሁ፤ ያለ እናንተ መወሰን ከብዶኛል። ቅር ያላችሁ ነገር ካለ ቤታችሁ ድረስ እመጣለሁ። ግን ኑ፣ ተከራከሩን።

ከሻይ በኋላ እያንዳንዳችሁ ጓሯችሁ ስንት ዛፍ እንደሚይዝ፣ በኅዳርና በታኅሣሥ ውርጭ ይመታው እንደሆነ ለጸሐፊው አስመዝግቡ። ትእዛዙ የሚወጣው በዚያ ነው። ገንዘብ ያዣችን በሩ አጠገብ ተቀምጣለች። የቀሩትን ጎረቤቶቻችሁን እስከ እሑድ ድረስ እንዲመዘገቡ ንገሩልኝ።