ወንዱን ውሻችንን ለዘር እናስቀረው?

[ምስል፦ የግቢ በር። ከበሩ ስር አፍንጫውን አስገብቶ የሚያሸት ወጣት ጀርመን ሼፐርድ]

ጃክ ገና 9 ወሩ ነበር። አንድ ጎረቤታችን ለሌላ ጉዳይ መጥቶ በሩ ላይ ቆሞ አየው። ጆሮው ቀጥ ብሏል፣ ደረቱ ሞልቷል። «የዚህማ ዘር እንዳይጠፋ! የኔዋ ስትፈልግ አምጥቼ አስጠቃታለሁ፣ አንድ ቡችላ ያንተ» አለኝ። ደስ አለኝ። ውሻህ ሲመረጥልህ ልጅህ የተመረጠ ያህል ነው።

እሺ ከማለቴ በፊት ግን የሚከትቡልኝን ሐኪም አማከርኩ። «ለዘር የመረጥከው ምኑን አይተህ ነው?» አሉኝ። ቆንጆ ነው ከማለት በቀር መልስ አልነበረኝም። ይህን ቪዲዮ የሠራሁት ያ ጥያቄ ከውስጤ አልወጣ ስላለኝ ነው።

ገጠር ያደገ ሰው ነገሩን ከእኛ በተሻለ ያውቀዋል። ገበሬ በግ ሲያረባ ወንዱን ሁሉ ለዘር አያስቀርም። ቁመናው ያማረውን፣ እናቱ ጥሩ አጥቢ የሆነችውን አንዱን አውራ ያደርገዋል። ሌላው ይቀጠቀጥና ሙክት ይሆናል። ውሻ ላይ ስንደርስ ግን ይህ ሁሉ ይጠፋብናል። ወንድ ከሆነና «ፈረንጅ» ከሆነ፣ በቃ፣ አባት ይሆናል።

[ምስል፦ ጥቁርና ነጭ ፎቶ፣ የድሮ ጀርመን ሼፐርድ]

አንድ ወንድ ዘሩን ምን ያህል እንደሚያዳርስ ለማየት የጀርመን ሼፐርድን ታሪክ እዩት። በፈረንጆቹ 1899 ማክስ ፎን ሽቴፋኒትስ የሚባል የፈረሰኛ መኮንን ሆራንድ የተባለ ወንድ ውሻ ገዛ። በዝርያው መዝገብም ቁጥር አንድ አድርጎ መዘገበው። የዚህ ዝርያ የዘር ሐረግ ወደ እሱ ይወጣል። ሴት ውሻ በዓመት ቢበዛ ሁለት ጊዜ ብትወልድ ነው። ወንዱ በዓመት አሥር ሴት አጥቅቶ እያንዳንዷ ስምንት ብትወልድ 80 ቡችላ ነው። ጉድለት ካለበት ጉድለቱም አብሮ ይበተናል። ዘር ከልጓም ይስባል።

የትልልቅ ውሾች ዋነኛው የዘር ችግር ዳሌ ላይ ነው። የጭኑ አጥንት ራስ በዳሌው ጎድጓዳ ውስጥ በደንብ አይገጥምም። ይላላል፣ ይፋተጋል፣ ውሎ አድሮ መገጣጠሚያውን ይበላዋል። ውሻው ከተኛበት ለመነሳት ይቸገራል፤ ሲሮጥ የኋላ እግሮቹን አጣምሮ እንደ ጥንቸል ይዘላል። የሚያሳስተው ግን ሌላ ነው። ዳሌው የተበላሸ ውሻ በወጣትነቱ ምንም ሳይመስል ሊሮጥ ይችላል። ስለዚህ «የኔ ደህና ነው፣ አጥር ይዘላል» ማለት ማስረጃ አይሆንም። የሚታየው በራጅ ነው፣ ያውም በማደንዘዣ ተኝቶ፣ እግሮቹ ተዘርግተው። አሜሪካ ውስጥ የመጨረሻው የዳሌ ውጤት የሚሰጠው ውሻው 24 ወር ሲሞላው ነው፤ አጥንቱ አድጎ እስኪጨርስ መጠበቅ አለበት። ጃክ በ9 ወሩ ማጥቃት ይችላል። መመረጥ ግን አይችልም ነበር።

ያለ ራጅ የሚደረግ ሌላ ቀላል ፍተሻም አለ። ሁለቱም የዘር ፍሬዎቹ ወርደዋል? ብዙውን ጊዜ እስከ 2 ወር ዕድሜ ይወርዳሉ። 6 ወር አልፎት አንዱ ሆድ ውስጥ ከቀረ ለዘር አይሆንም፣ ምክንያቱም ይህም በዘር ይወረሳል። ውስጥ የቀረው ፍሬ ደግሞ በኋላ ወደ ካንሰር የመቀየር ዕድሉ ከፍ ያለ ስለሆነ በቀዶ ጥገና መውጣት አለበት።

ስለ ጠባይም ልናገር። እኛ ጋ የጥበቃ ውሻ ሲመረጥ «ይናከሳል?» ነው የሚባለው። ቀኑን ሙሉ በሰንሰለት ታስሮ ባየው ነገር ሁሉ ላይ የሚያብድን ውሻ ጀግና እንለዋለን። ጅራቱን እዩት፤ ብዙ ጊዜ እግሩ መሀል ነው። የፈራ ውሻ ነው። ፍርሃት ደግሞ ከአስተዳደግ ብቻ አይመጣም፣ በዘርም ይተላለፋል። ቡችሎቹ የሚሄዱት ልጆች ወዳሉበት ቤት ነው።

[ምስል፦ የክሊኒክ ጠረጴዛ፣ ጓንት ያደረጉ እጆች]

አሁን ማንም በር ላይ ቆሞ የማይነግራችሁን ልንገራችሁ። በስሪያ የሚተላለፍ እጢ አለ። የሚገርመው፣ ቫይረስ አይደለም የሚያመጣው፤ የካንሰሩ ሕዋስ ራሱ ነው ከአንዱ ውሻ ወደ ሌላው የሚተከለው። ውሾች እንደ ልብ በሚዞሩበት አገር ይበዛል። ምልክቱ ከብልቱ ጠብ ጠብ የሚል ደም ነው። ብዙ ባለቤቶች «ሽንቱ ነው፣ በርዶት ነው» ብለው ወራት ያሳልፋሉ። እባካችሁ አታሳልፉ። ቪንክሪስቲን በሚባል መድኃኒት፣ በሳምንት አንዴ በደም ሥር እየተሰጠ፣ አብዛኛው በጥቂት ሳምንታት ይድናል።

የውሻ ብሩሴላ የሚባለው በስሪያ የሚተላለፍ ሌላ በሽታ ግን የከፋ ነው። ሴቷን ያስወርዳታል፣ ወንዱን መካን ያደርገዋል፣ ወደ ሰውም ይተላለፋል፣ በአንቲባዮቲክም ጨርሶ ለመጥፋቱ ዋስትና የለም። የሴቷ ባለቤት የደም ምርመራ ካላሳየ፣ ጎረቤትም ይሁን ወንድም፣ እምቢ በሉ። የእብድ ውሻ በሽታ ክትባትማ ለሁለቱም ግዴታ ነው።

«አንዴ ካላጠቃ ይታመማል፣ ካጠቃ ይረጋጋል» የሚለውን ሁሉም ሰው ሰምቶታል። እውነት አይደለም። ሳያጠቃ የኖረ ውሻ በዚህ ምክንያት አይታመምም። ቀምሶት የተመለሰ ደግሞ የበለጠ ይፈልጋል እንጂ አይረጋጋም። ሰፈር ውስጥ የአንዲት ሴት ውሻ ወቅት ሲደርስ ጃክ ምግብ ይተዋል፣ ሌሊቱን ያላዝናል፣ የበሩን ስር ይቆፍራል። ለዘር ማስቀረት ማለት ይህን ለዓመታት መቻል ነው። አጥራችሁ ዝቅ ያለ ከሆነ፣ ወይም ግቢ ውስጥ የገዛ እህቱ ካለች፣ ነገሩን ከወዲሁ ተዉት።

ማኮላሸት ሲባል የበሬ መቀጥቀጥ ትዝ የሚለው ብዙ ነው። የውሻው ግን በማደንዘዣ የሚሠራ አጭር ቀዶ ጥገና ነው። ጥበቃውን አይተውም፤ ግዛቱን የሚጠብቀው በፍሬው ብቻ አይደለም። ሊወፍር ስለሚችል ምግቡን ቀነስ ማድረግ ነው። ትልቅ ዝርያ ከሆነ አጥንቱ እስኪጠና፣ ዓመት አልፎት ቢሆን ይመረጣል። ከቀዶ ጥገናው በኋላም ለተወሰኑ ሳምንታት ሊያስረግዝ ስለሚችል ከሴት አርቁት።

[ምስል፦ ካርቶን ውስጥ የተደራረቡ ቡችሎች]

የቡችሎቹ ነገር ነው ከሁሉ የሚያመኝ። ወንዶቹን ሰው ይወስዳቸዋል። ሴቶቹስ? ፈላጊ አጥተው በማዳበሪያ ከረጢት ተደርገው ገደል ዳር ሲጣሉ በዓይኔ አይቻለሁ። የወንዱ ባለቤት አንዱን ቡችላ ተቀብሎ ሲሄድ የሌሎቹ ጉዳይ አይመለከተውም ይባላል። እኔ አልቀበለውም። አባታቸው በኔ ግቢ ነው ያደገው።

ጃክ ሁለት ዓመት ሲሞላው ራጅ አስነሳሁት። የግራ ዳሌው ልል ነበር። ሲሮጥ ብታዩት አታምኑም፤ እኔም የራጁን ፊልም ሁለቴ ነው ያየሁት። ሐኪሙ በጣታቸው ጎድጓዳውን ሲያሳዩኝ ግን ተረዳሁ። በወሩ አኮላሸሁት። ለጎረቤቴም ፊልሙን ይዤ ሄድኩና በመስኮቱ ብርሃን ላይ አሳየሁት። ብዙ ዝም ብሎ አየው። ከዚያ «የኔዋንም የት ነው የሚያነሷት?» አለኝ።