የአሰብ መንገድ

ሰላም ለሁላችሁ። ዛሬ እንግዳ የለኝም፣ ብቻዬን ነኝ። ደሴ፣ ቤቴ ቁጭ ብዬ ነው የምቀዳው። በመሀል ባጃጅ ጥሩምባ ቢነፋ አብሽሩ፣ አልቆርጠውም።

አባቴ የአሰብ ሾፌር ነበር። ኤንትሬ ነበር የሚነዳው፣ ከነተሳቢው። ልጅ ሆኜ ማታ ማታ ስለ መኪናው ሲያወራ የምሰማቸው ቃላት ግማሾቹ የጣልያን ናቸው። ፍሪሲዮን። ካምቢዮ። ካቻቢቴ። ጎሚስታ። ያው ሰውዬ ግን ጎረቤት ቡና ላይ ሲሰበሰብ "እኛ እኮ ቅኝ አልተገዛንም" ይልና ደረቱን ይነፋል። አንድ ቀን፣ አስራ አምስት ዓመት ቢሆነኝ ነው፣ ጥጋብ ይዞኝ "ታዲያ የምትነዳበትን መንገድ ማን ሠራው?" አልኩት። ሲኒውን አስቀመጠ። "ጣልያን ወታደሩን ሊያመላልስበት ሠራው። እኔ ጨው ጫንኩበት" አለኝ።

ያኔ ማምለጫ ነበር የመሰለኝ። አሁን ግን አልፎ አልፎ ይመጣብኛል። ሌላ ሰው ለራሱ ጉዳይ የቀደደውን መንገድ ለራስህ ጉዳይ ማዋል ምን ያህል ይቻላል?

እኛ ጋ ጣልያን የቆየው አምስት ዓመት ነው። ኅዳር 1928 ደሴን በቦምብ ደበደበ፣ ሚያዝያ 1933 ከተማዋን ተነጠቀ። ጋናን ውሰዱ። እንግሊዝ እዚያ ከ80 ዓመት በላይ ገዝቷል። ሐዲድ ዘርግቷል፣ እውነት ነው። ግን ሐዲዱ ከወርቁና ከካካዎው አገር ተነስቶ ወደ ወደቡ ነው የሚወርደው። ጎረቤት አገር ለመጠየቅ አልተሠራም። እ.ኤ.አ. በ1957 ባንዲራው ተቀየረ፤ ሐዲዱ ግን ፊቱን ወደ ባሕሩ እንዳዞረ ቀረ።

የጋናው መሪ ንክሩማ ይህ ሳይገባው ቀርቶ አይደለም። አኮሶምቦ ላይ ትልቅ ግድብ አሠራ። ካካዎ ብቻ ሸጠን አንኖርም፣ ፋብሪካ ይኑረን ብሎ። ከኃይሉ ትልቁን ድርሻ የሚወስደው ደግሞ አብዛኛው ድርሻው የአሜሪካኖች የሆነ የአሉሚኒየም ማቅለጫ ነበር። ጋና የራሷ ቦክሳይት፣ አሉሚኒየም የሚወጣበት ማዕድን ማለት ነው፣ አላት። ማቅለጫው ግን ጥሬ ዕቃውን ከውጭ በመርከብ ነበር የሚያስመጣው። ይታያችሁ! ግድቡ ጥር 1966 እ.ኤ.አ. ተመረቀ፤ በወሩ ንክሩማ ራሱ በመፈንቅለ መንግሥት ወረደ።

ኮንጎማ አይነሳ። እ.ኤ.አ. በ1960 ነጻ ስትወጣ ዩኒቨርሲቲ የጨረሰው ሰው አንድ ሚኒባስ ሁለት ሚኒባስ ቢሞላ ነው።

ግን ሁሉንም ፈረንጅ ላይ መለጠፍም አልወድም። ስልሳ ምናምን ዓመት አለፈ እኮ። እኛስ፣ አልተገዛንም የምንለው፣ ምን ሠራን? ሐረጎን ወርጄ ኮምቦልቻ ስገባ ይሄ ነው የሚመጣብኝ። ኢንዱስትሪ ፓርኩ በ2009 ሲመረቅ እኔም ደስ ካላቸው አንዱ ነበርኩ፣ አልዋሽም። የሰፈራችን ልጆች ሥራ አገኙ። ግን በየፓርኮቻችን የሚሰፋው ጨርቅ በአብዛኛው ከውጭ ይመጣል፣ ተሰፍቶ ተመልሶ ወደ ውጭ ይሄዳል። እኛ መሀል ላይ መርፌ ነን። በ2014 አሜሪካ ከአጎአ፣ ያለ ቀረጥ ዕቃ ከምንልክላት ዕድል፣ ስታስወጣን ውሳኔው ዋሽንግተን ተወሰነ፣ ጭንቀቱ እዚህ ሰፈር ገባ። ይህን መንገድ ደግሞ ጣልያን አልቀደደልንም። እኛው ነን ፊቱን ወደዚያ ያዞርነው።

የአባቴ መስመር የተዘጋው በ1990 ነው፣ ከኤርትራ ጋር ጦርነቱ ሲጀመር። የሠራው ጣልያን ከሄደ ስንት ዘመኑ፤ የዘጋነው ግን እኛና ወንድሞቻችን ነን። ከዚያ በኋላ ጭነቱ ሁሉ ወደ ጅቡቲ ዞረ። እሱም ጥቂት ጊዜ ጅቡቲ ተመላለሰ፣ አልተመቸውም፣ ተወው።

አሁን ሸምግሏል። ባለፈው ኮምቦልቻ ሐኪም ቤት ወስጄው ስንመለስ በባቲ መውጫ በኩል ዞር በል አለኝ። ከባድ መኪኖቹ ተደርድረው ቆመዋል፣ ሁሉም ጅቡቲ ሂያጅ። መስኮቱን ዝቅ አደረገና አንዱን ረዳት ጠራው።

"ልጄ፣ አሰብ ነው?"

ልጁ ግራ ገብቶት እኔን አየኝ።